ከዘይላዕ እስከ ፈጠጋር፦ የአዋሽ ሸለቆ የሲራራ መንገድና የእስልምና ታሪካችን

በአዳማና በአካባቢዋ ባሉ መድረሳዎች «እስልምና ወደዚህ አገር የመጣው መቼ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ደጋግሜ የሰማሁት መልስ «በባቡር ነው» የሚል ነው። መልሱ ፍሬ ቢስ አይደለም። የጅቡቲው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ፣ ሞጆ፣ ወለንጪቲና መተሐራ የባቡር ጣቢያ ሆነው ተነሡ፤ የሐረር፣ የየመን፣ የጉራጌና የአርጎባ ነጋዴዎችም በጣቢያዎቹ ዙሪያ ሱቅ ከፈቱ፣ መስጊድ አቆሙ። ከተማዋ የሐዲዱ ልጅ ናት፤ ስሟ ግን ከሐዲዱ አልመጣም፤ በኦሮምኛ የቁልቋል ዛፍ ስም ነው። ችግሩ የከተማዋን ዕድሜ የምድሪቱ ዕድሜ አድርገን መቁጠራችን ነው። ሐዲዱ የተዘረጋበት የአዋሽ ሸለቆ፣ ባቡር ከመምጣቱ ከስምንትና ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት ሙስሊም ነጋዴ፣ ቃዲና ደረሳ የሚመላለሱበት አገር ነበር። ይህን የማያውቅ ተማሪ በገዛ አገሩ ራሱን እንደ እንግዳ ቢቆጥር አይፈረድበትም።

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንግድ መስመር ካርታም ለዚህ አስተሳሰብ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ብዙውን ጊዜ አንዱ መስመር ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ አክሱምና ጎንደር ይወጣል፤ ሌላው ከዘይላዕ ተነሥቶ ሐረር ላይ ይቆማል። ሐረር ግን የመንገዱ መጨረሻ አልነበረችም። ከቀይ ባሕር ዳር የተነሣ ቅፍለት ዓላማው የሸዋን ደጋ፣ ከዚያም አልፎ የደቡቡንና የምዕራቡን ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ማግኘት ነበር። ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ የስምጥ ሸለቆውን ወለል ማቋረጥ ግድ ነው።

መንገዱን የመረጠው ሰው ብቻ አይደለም፤ ውኃው ነው። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈስሳል፤ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በበረሃ የሚሄድ ግመል ነጂ ከዚህ ወንዝ ብዙ ሊርቅ አይችልም። በሌላ በኩል ከወንዙ በስተደቡብ የጨርጨርና የአርሲ ተራሮች አሉ፤ በእነርሱ ትከሻ ላይ የሚሄድ ሰው ጥላ፣ ምንጭና እህል ያገኛል፤ ዳገቱ ግን ግመሉን ይገድለዋል። ስለዚህ ከሐረር ወደ ሸዋ የሚመጣው ነጋዴ ሁለት ምርጫ ነበረው፦ በደጋው በጨርጨር በኩል በበቅሎና በአህያ መሄድ፣ ወይም በቆላው በአሰቦት በኩል በግመል መጓዝ። ሁለቱ መንገዶች አዋሽን ሲሻገሩ ይቀራረባሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃቸው የፈንታሌና የቦሰት እሳተ ገሞራ ተራሮች የሚታዩበት፣ ወደ ምንጃርና ወደ ሞጆ ሜዳ የሚያወጣው ዳገት ነው። የዛሬው አውራ ጎዳና፣ አሮጌው ሐዲድና አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሦስቱም በዚሁ ኮሪደር የሚያልፉት መሐንዲሶቹ የጥንቱን ነጋዴ ለመምሰል ፈልገው አይደለም፤ መሬቱ ሌላ ብዙ ምርጫ ስለማይሰጥ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፍ ማስረጃው እንለፍ። በዐረብኛ የተጻፈው አጭር የሸዋ ዜና መዋዕል፣ ከመኽዙም ነገድ እንወለዳለን የሚሉ ገዥዎች የመሠረቱት የሸዋ ሱልጣኔት በ283 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ896 ግድም እንደ ጀመረ ይናገራል። ይኸው ጽሑፍ በ653 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1255) የሸዋ ቃዲ አል-ቁዷት የነበሩትን የፈቂህ ኢብራሂም ቢን አል-ሐሰንን መሞት መዝግቧል። ለእኔ ከነገሥታቱ የሥልጣን ትግል ሁሉ ይልቅ ይህች አንዲት መስመር ትበልጥብኛለች። «የቃዲዎች ቃዲ» ካለ በሥሩ ቃዲዎች አሉ፤ ቃዲዎች ካሉ የሚዳኙት ውል፣ ውርስ፣ ጋብቻና የገበያ ክርክር አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን በሸዋ ምሥራቃዊ ጫፍ የነበረው እስልምና እንግዳ ነጋዴ ለጥቂት ቀን ድንኳን ተክሎ የሚሰግድበት እስልምና ሳይሆን ፍርድ ቤት ያለው ማኅበረሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1285 ይህን ሱልጣኔት የኢፋት ወላስማዎች ጠቀለሉት፤ የይፋት ጠረፍም የመንገዱ ጌታ ሆነ። ባለፉት ሃያ ዓመታት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ሸዋ ገደላማ ጠርዝ ላይ እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የፈረሱ የድንጋይ ከተሞችንና መስጊዶቻቸውን ለይተው ማሳየታቸው ይህን ታሪክ ከወረቀት አውጥቶ መሬት አስይዞታል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ዝርዝር የምናገኘው ግን እግሩ ወደ አገራችን ካልረገጠ ሰው ነው። የማምሉኮች የጽሕፈት ቤት ባለሟል የነበረው ኢብን ፈድልላህ አል-ዑመሪ (በ749 ዓመተ ሂጅራ የሞተ) «መሳሊክ አል-አብሷር» በተባለው ሰፊ ሥራው ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ይዘረዝራል፤ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሻርኻ፣ ባሌና ዳራ። ወሬውን የሰጠው ግብፅ የነበረ የእኛው ሰው፣ ሸይኽ ዐብዱላህ አል-ዘይለዒ ነው። ግዛቶቹን የሚለካው እንደ መንገደኛ በቀን ጉዞ ነው፦ ኢፋት የ15 ቀን በ20 ቀን፣ ደዋሮ የ5 ቀን በ2 ቀን፣ ባሌ የ20 ቀን በ6 ቀን። አንድ አገር በእግር ጉዞ ሲለካ ለጻፈው ሰው አገሩ በመጀመሪያ መንገድ ነው ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ የሚናገረውም እንደዚሁ ነው። በኢፋት የግብፅ ዲናርና ዲርሃም ይሠራ ነበር። ከአዋሽ በስተደቡብ በነበረችው ደዋሮ ግን የሚገበያዩት መርፌ በሚመስሉ «ሐኩና» በተባሉ የብረት ቁርጥራጮች ነው። በባሌ ደግሞ ከብትን በእህል፣ እህልን በጨርቅ ይለዋወጡ ነበር። እንግዲህ ከባሕሩ ዳር የተነሣ ነጋዴ በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት ሥነ ገንዘብ ውስጥ ያልፋል። በፊቅህ መጽሐፍ ስለ ሶርፍና ስለ ሪባ የሚነበበው ባብ ለእርሱ የዕለት ተዕለት ጥያቄ እንጂ የቂርአት ልምምድ ብቻ አልነበረም። ሐኩና በሐኩና ሲመነዘር ሪባ ይገባዋል? ብረት እንደ ወርቅና ብር «ሰመን» ነውን? የዚያ ዘመን የአገራችን ዑለማ ምን ብለው እንደ ፈረዱ የሚያሳይ ጽሑፍ ቢገኝ ለፊቅህ ታሪካችን ትልቅ ሀብት በሆነ። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ በቁፋሮ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ ከእርሱም ጋር የወጡት ከሩቅ አገር የመጡ ዛጎሎች፣ ዶቃዎችና የ13ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች የአል-ዑመሪን ወሬ ይደግፋሉ።

አል-ዑመሪ ሌላም ነገር ይነግረናል፤ ኢማሞች በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል። የኢፋት ሰዎች አብዛኞቹ ሻፊዒይ ሲሆኑ የሌሎቹ ግዛቶች ሰዎች ሐነፊይ ነበሩ። እንግዲህ ሁለት ነጋዴዎች፣ አንዱ ከኢፋት ሌላው ከደዋሮ፣ በአንድ ቅፍለት ከአዋሽ ማዶ ሲጓዙ አስቡ። ሻፊዒዩ ጉዞው ሁለት መርሐላ (16 ፈርሰኽ) ከሞላ ሶላቱን ሊያሳጥር ይፈቀድለታል፤ ቢሻ ግን አራት ረክዐውን ሙሉ ይሰግዳል። ሐነፊዩ የሦስት ቀን ጉዞ ሲያስብ ማሳጠሩ ግዴታው ነው። ሻፊዒዩ ዙህርን ከዐስር ያጣምራል፤ ሐነፊዩ ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ በቀር አያጣምርም። ወንዙ ሞልቶ ወይም ኬላው ዘግቶ አንድ ሥፍራ ሲቀመጡ ደግሞ፣ ሻፊዒዩ አራት ሙሉ ቀን ለመቀመጥ ከነየተ መንገደኛነቱ ይቀራል፤ ወንዙ ዛሬ ወይም ነገ ይጎድላል እያለ የሚጠብቅ ከሆነ እስከ 18 ቀን ያሳጥራል። ሐነፊዩ 15 ቀን ካልነየተ በስተቀር መንገደኛ ነው። የክረምት አዋሽ ይህን መስአላ በየዓመቱ በተግባር ያስነሣ እንደ ነበር ለመገመት ወንዙን በነሐሴ ያየ ሰው መሆን ይበቃል። ሁለቱ ነጋዴዎች ግን በአንድ እሳት ዙሪያ አድረው በማግስቱ አብረው ይጭኑ ነበር። ዛሬ በጥቃቅን መስአላ ጀማዐ ለሚከፍሉ ወገኖች ይህን ማስታወስ አይከፋም።

የዘይላዕ ሰዎች ትምህርት ፍለጋ በዚሁ መንገድ ወርደው ባሕር ይሻገሩ ነበር። በአል-አዝሀር የጀበርት ሪዋቅ የሚባለው የተማሪዎች ማረፊያ የቆመው ለእነርሱ ነው፤ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም (1753–1825) ቤተሰቡን የሚቆጥረው ከዚህ ወገን ነው። በሐነፊይ መድረሳ የታወቁት ፈኽሩዲን አል-ዘይለዒ (በ743 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ) እና የ«ነስብ አር-ራያ» ባለቤት ጀማሉዲን አል-ዘይለዒ (በ762 የሞቱ) ሁለቱም የመንገዱን በር ስም ይዘው በካይሮ ኖረዋል። ኢብን በጡጣ ግን በ1330ዎቹ መጀመሪያ ግድም ዘይላዕ ሲደርስ ያየው ዕውቀቷን አይደለም፤ በዓሣና በታረደ ግመል ሽታ ተማሮ ሌሊቱን በባሕሩ ላይ በመርከብ ማደርን መረጠ። መንገደኛ ሁሉ እንደ አፍንጫው ይጽፋል።

እዚህ ላይ በመማሪያችን የምናልፈውን ጉዳይ ማንሣት ግዴታዬ ነው። «እስልምና ወደ አገራችን የገባው በሰይፍ ሳይሆን በንግድ ነው» እንላለን፤ እውነት አለው፤ እኔም አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን ንግዱ ምን ነበር ብሎ ተማሪው ቢጠይቅ ጨው፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብለን ማቆም አንችልም። አል-ዑመሪ ራሱ ስለ ሐድያ ሲጽፍ ስለሚገዙና ስለሚሰለቡ ባሮች ይናገራል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ሲመጣ፣ የአልዩ አምባ ገበያ ከጨውና ከጨርቅ ጋር፣ በአጠገቧ ያለው ዐብዱል ረሱል ደግሞ በባሪያ ገበያነቱ ይታወቅ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሐበሻ የተወለደው ልጅ ቻፑ በዚህ ዓይነት መንገድ ተሽጦ በየመንና በባግዳድ አልፎ ሕንድ ደርሷል፤ በኋላም መሊክ ዐምበር ተብሎ የአሕመድነገርን መንግሥት በእጁ አስገብቷል። እርሱን በኩራት እንጠቅሳለን፤ ከእርሱ ጋር ታስረው የወረዱትንና ስማቸው ያልተጻፈውን ግን አንጠቅስም።

ሸሪዓ ነፃ ሰውን፣ ይልቁንም ሙስሊምን፣ ባሪያ ማድረግን እንደሚከለክል ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም። የቲንቡክቱው ሊቅ አሕመድ ባባ እ.ኤ.አ. በ1615 በጻፈው ፈትዋ፣ የቆዳ ቀለም ለባርነት ምክንያት እንደማይሆንና የሰው መሠረቱ ነፃነት እንደሆነ አጥብቆ አስረድቷል። ያ ፈትዋ የተጻፈው ነጋዴዎች ሕጉን ስለማያከብሩ ነው። በእኛም መንገድ ላይ ከተነዱት ብዙዎች በሕጉ ሚዛን ቢታዩ የተሰረቁ ሰዎች ነበሩ፤ ነጂዎቻቸው ደግሞ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበሩ። በአገራችን ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ብዙዎቻችን አያቶቻችንን ጠይቀን መልስ ልናገኝ የምንችልበት ዘመን ነው ማለት ነው። ይህን በመድረሳ ማስተማር እስልምናን ማሳጣት የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ። ለእኔ የሚመስለኝ ሕጉንና ሕጉን የጣሰውን ነጋዴ ሳይለይ የሚያስተምር መምህር ሁለቱንም ያሳጣል።

መንገዱን ሠራዊትም ሄዶበታል። ከአዋሽ በስተሰሜን የነበረችው ፈጠጋር፣ ዛሬ ምንጃርና አዳማ አካባቢ የምንለው አገር፣ የክርስቲያኑ መንግሥት ጠረፍ ነበረች፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተወለዱት በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1529 ኢማም አሕመድ ቢን ኢብራሂም ዐፄ ልብነ ድንግልን የገጠሙበት ሽምብራ ኩሬ በሞጆ አቅራቢያ እንደሆነ ይነገራል። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በ«ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የሚያነሣቸው ወንዞችና ሜዳዎች ለነጋዴ የታወቁ ናቸው፤ ብዙ ሰውና ከብት ይዞ የሚሄድ ሠራዊት ውኃ ያለበትን ይከተላልና። ስለ ጦርነቱ በሁለቱም ወገን ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ አልደግመውም።

ከጦርነቱ በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ በሸለቆውና በደጋው ሲሰፍር የድሮዎቹ ግዛቶች ስም ጠፋ፤ መንገዱ ግን አልሞተም፣ ሥርዓቱን ቀየረ። በሶማሌና በአፋር ምድር ነጋዴ ያለ «አባን» አይሄድም ነበር፤ አባን ማለት እንግዳውን በጎሣው ስም የሚጠብቅ፣ በምላሹም ድርሻውን የሚቀበል ሰው ነው። በኦሮሞ አገር ደግሞ ሙስሊሙ ነጋዴ በሞጋሳ ሥርዓት የጎሣው ልጅ ሆኖ ጥበቃ የሚያገኝበት መንገድ ነበር። እንግዳ ሆኖ የገባው ዘመድ ሆነ፤ ከዘመድ ጋር ደግሞ ጋብቻና ሃይማኖት ይከተላል። እስልምና በአርሲና በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ሥር የሰደደው በገበያ ስብከት ብቻ ነው የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ ሞጋሳ ከሱቁ ያላነሰ ሠርቷል።

ከዚህ ጋር የሚነሣው ወደ ባሌ የሚወስደው የዲሬ ሼኽ ሑሴን ጉዞ ነው። ባለ መንታ ዱላ ተጓዦች ከሐረርጌ፣ ከአርሲና ከወሎ እየተነሡ በየዓመቱ በዐረፋ ሰሞን በእግር ይወርዱ ነበር፤ ዛሬም አሉ። ስለ ዚያራው ሸሪዓዊ ፍርድ በዑለማዎቻችን መካከል ያለው ልዩነት የታወቀ ነው፤ ቦታው ይህ አይደለም። የታሪክ ተማሪ ግን ይህን መንገድ ችላ ሊለው አይችልም። የሲራራው መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሄድ፣ የተጓዦቹ መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያቋርጠዋል፤ ደረሳው ከሁለቱም ጋር ይጓዛል። ወሎ ነሕው ቀርቶ ለፊቅህ ወደ ሐረር የሚወርድ ተማሪ ለስንቁ ቅፍለት ይጠጋል፤ ነጋዴው ኢማም ያገኛል፣ ደረሳው ጥበቃ። ኢብኑ ሰቢል ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱ መሆኑን በቃሉ የሚያውቀው ደረሳ፣ ራሱ ኢብኑ ሰቢል ሆኖ የኖረው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ምኒልክ የሐረሩን አሚር ዐብዱላሂን ጨለንቆ ላይ ድል ሲያደርጉ የሸዋ ንግድ ከአንኮበርና ከአልዩ አምባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ዞረ። በዚያው ዓመት ፈረንሳውያኑ ራምቦና ቦሬሊ ከእንጦጦ ተነሥተው በምንጃር አዋሽን ተሻግረው በጨርጨር ሐረር ገቡ። የምንጃሯ ባልጪ የቀረጥ ኬላ ሆና ነጋዴውን ማስፈተሽ ጀመረች። አልዩ አምባ ስትደኸይ የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች ገበያውን ተከትለው ወረዱ። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ ዘይላዕ ራሷ ከንግዱ ወጣች። ስለዚህ በ1917 በአዳማ ጣቢያ ዙሪያ ሱቅ የከፈቱት ሙስሊሞች ባዶ ምድር ላይ የወረዱ አይደሉም፤ አባቶቻቸው በበቅሎ ያልፉበት የነበረውን ሜዳ በባቡር የደረሱበት ናቸው።

ለሥራ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። አባ አዛይስና ሻምባር የተባሉ ፈረንሳውያን በ1920ዎቹ በጨርጨርና በላንጋኖ ሐይቅ ምሥራቅ በሙነሳ አካባቢ በዐረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮችን መዝግበው አሳትመዋል። መቶ ዓመት አልፏል። ሙነሳ ከአርሲ ነጌሌና ከሻሸመኔ ሩቅ አይደለችም፤ የአካባቢው ኢማሞች ድንጋዮቹ የቱ ጋ እንዳሉ ከማንኛውም ተመራማሪ ቀድመው ሊጠይቁ ይችላሉ። ኩፊውንና ነስኹን ማንበብ የሚችለው ደረሳ ነው፤ ፎቶግራፍ ለማንሣትም ዛሬ ስልክ ይበቃል። ድንጋዩን ሳያነቃንቁ ፎቶ ማንሣት፣ ስሙንና ዓመተ ሂጅራውን መገልበጥ፣ የቦታውን ስም ሽማግሌዎች እንደሚጠሩት መጻፍ፣ ከዚያም ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤትና ለዩኒቨርሲቲ ማስታወቅ። ድንጋዮቹ ለአጥር ግንብ ወይም ለቤት መሠረት ሳይውሉ መደረግ ያለበት ሥራ ይህ ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብ ከጅቡቲ የሚመጣውን ኮንቴነር በሚያራግፍበት ሜዳ ዙሪያም ቢሆን፣ እርሻው ሁሉ አስፋልት ከመሆኑ በፊት፣ በየጉብታው ያሉትን የድሮ መቃብሮች ስም ከአገሬው ሰው ጠይቆ መመዝገብ ይቻላል።